«ኢ=ኤምሲ ስኩዌር»፦ በአንድ ትንፋሽ ወደ ዲጂታል የተቀዳው የዲስኮ አልበም

ጣሊያናዊው የሙዚቃ አቀናባሪ ጆርጂዮ ሞሮደር ሲባል አብዛኛው አድማጭ የሚያነሳው በ1977 ከድምፃዊቷ ዶና ሰመር ጋር የሠራውን «አይ ፊል ላቭ»ን ነው። የአሁኑ ትውልድ ደግሞ በ2013 በወጣው የዳፍት ፓንክ አልበም ላይ ስለ ወጣትነቱ ሲያወራ ሰምቶታል። በመካከል ግን በ1979 በራሱ ስም ያወጣው፣ ስድስት ዘፈን ብቻ የያዘ አልበም አለ። ስሙን የወሰደው ከአንስታይን ቀመር ነው፤ «ኢ=ኤምሲ ስኩዌር» ይባላል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዲስኮ ሸክላ የሚሰበስብ ሰው ቤት እንኳ ሁልጊዜ አይገኝም። በቀረጻ ሥራ ረገድ ግን ከዚያ ዘመን የዲስኮ አልበሞች ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሽፋኑ ላይ ሞሮደር ኮቱን ገልጦ ከውስጥ የተደረደሩ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን ያሳያል። አልበሙ «በቀጥታ ወደ ዲጂታል የተቀዳ የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ አልበም» ነው የሚል አባባልም አብሮ ታትሟል። ይህ አባባል በብዙ አድማጭ ዘንድ እንደ ማስታወቂያ ታልፏል። ውስጡ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፦ «በቀጥታ»፣ «ወደ ዲጂታል» እና «የመጀመሪያው»፤ ሦስቱን ለያይቶ ያላየ ሰው አልበሙ ለምን እንዲያ እንደሚሰማ አይገባውም።

የወጣበት ጊዜ ግን አልቀናውም። ሞሮደር በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር ለ«ሚድናይት ኤክስፕረስ» ፊልም በሠራው ሙዚቃ ኦስካር ተሸልሟል፤ የዶና ሰመር «ባድ ገርልስ»ም በገበያ ላይ ነበር። ሐምሌ 12 ቀን 1979 ግን በቺካጎ ኮሚስኪ ፓርክ ስታዲየም፣ በሁለት የቤዝቦል ጨዋታዎች መካከል አንድ ሣጥን ሙሉ የዲስኮ ሸክላ በፈንጂ ተቃጠለ፤ ሕዝቡ ሜዳውን ስለወረረውም ሁለተኛው ጨዋታ ሳይካሄድ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ራዲዮ ጣቢያዎች ከዲስኮ ራቁ። በማሽን የተሠራ ዲስኮ ይዞ ለሚመጣ አልበም ከዚህ የባሰ ወቅት አልነበረም።

የተለመደው አሠራር

በ1970ዎቹ ማብቂያ አንድ የዲስኮ ዘፈን በአብዛኛው የሚቀዳው ባለ 24 ትራክ ቴፕ ላይ ነው። ቴፑ 2 ኢንች ስፋት አለው። በሴኮንድ 30 ኢንች ሲሄድ፣ 2500 ጫማ ርዝመት ያለው አንድ ጥቅል 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይይዛል። መጀመሪያ ከበሮው ይቀዳል፤ ቀጥሎ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ኪቦርዱ፣ ቫዮሊኖቹና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ፤ መጨረሻ ላይ ድምፃዊው ይገባል። እያንዳንዱ በየራሱ ትራክ ስለሚቀመጥ የተበላሸው ብቻ ይደገማል። ሁሉም ሲያልቅ ሃያ አራቱ ትራኮች በሚክሰር በኩል አልፈው ወደ ሁለት ትራክ፣ ማለትም ወደ ግራና ቀኝ ይጠቃለላሉ። ይህ ሁለተኛ ቴፕ ማስተር ይባላል፤ ሸክላው የሚቆረጠው ከእሱ ወይም ከግልባጩ ነው።

ይህ አሠራር ምቹ ቢሆንም ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው ቴፑ ራሱ የሚያሰማው «ሽሽ» የሚል ድምፅ ነው። ሃያ አራት ትራክ በእኩል መጠን ከተከፈተ የሁሉም ሽሽታ ተደምሮ ከአንድ ትራክ ወደ 14 ዲሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ያህል ይበልጣል። ይህ ወደ ማስተሩ ሲገለበጥ የማስተሩ ቴፕ የራሱን ይጨምርበታል፤ ከማስተሩ ሌላ ግልባጭ ሲወጣም እንደዚያው። ዶልቢ ኤ የሚባለው መሣሪያ ሽሽታውን ወደ 10 ዲሲቤል ያህል ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም።

ሁለተኛው ጉዳት የቴፑ አካሄድ ነው። ሞተሩና መዘውሮቹ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ ፍጥነቱ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ከፍጥነቱ ጋር የድምፁ ቅጥነትና ወፍረት አብሮ ይዋልላል። ቫዮሊን ሲሆን ይህ አይሰማም፤ ተጫዋቹ ራሱ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ነውና። ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) አንድ ኖታ ይዞ ሲቆይ ግን ጆሮ ቶሎ ይለየዋል። በዚህ ምክንያት ከዲጂታል ቀረጻ ብዙ የሚያተርፈው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው፤ ሞሮደርን የመሰለ ሰው ወደዚህ ቴክኖሎጂ መሄዱም አይገርምም።

«አይ ፊል ላቭ» እንኳ የተሠራው በተለመደው መንገድ፣ በድርብርብ ቀረጻ ነው። ሙግ ሞዱላር የተባለው ትልቁ ሲንተሳይዘር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ ኖታ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ተቀድቷል። መስመሮቹ እንዳይሳሳቱ ከቴፑ ትራኮች አንዱ ለሰዓት ምልክት ተሰጠ፤ ማሽኑ ያንን ምልክት እየሰማ ይቆጥራል። የሙግ ቅኝት ቶሎ ቶሎ ስለሚፈታ እየቆሙ ማስተካከል ግድ ነበር። ዋናውን ከበሮ ሙግ አሳማኝ አድርጎ ስላላወጣው ከበሮ መቺው ኪት ፎርሲ በእግሩ መታው።

«በቀጥታ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በቀጥታ የተቀዳ ሲባል ተመልካች ፊት፣ መድረክ ላይ የተጫወቱት ይመስለዋል። በዚህ አልበም ላይ ጭብጨባ የለም። ትርጉሙ የቀረጻው ሰንሰለት ማጠሩ ነው፦ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ ድምፃቸው በሚክሰሩ ውስጥ እዚያው ይመጣጠናል፤ የሚወጣው ግራና ቀኝ ድምፅ በቀጥታ ወደ ዲጂታል መቅጃው ይገባል። ባለ 24 ትራኩ ቴፕ ከመሀል ወጣ። የተቀዳው ያው ማስተሩ ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሽሽታም የለም፣ ግልባጭም የለም። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ቤዙ ትንሽ ከፍ ብሎ ከተቀዳ ከፍ እንዳለ ይቀራል። በአራተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ነገር ከተሳሳተ ከመጀመሪያው መድገም ነው። አናሎግ (ድምፁን በቁጥር ሳይሆን በሞገድ መልክ የሚይዝ) ቴፕ ቢሆን የሁለት ሙከራዎችን ደህና ደህና ክፍል በምላጭ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል፤ ዲጂታል ቴፕን በምላጭ መቁረጥ ግን ቆረጣው ያረፈበትን የቁጥር ክፍል ያበላሻል፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ወይም ቅጽበታዊ ዝምታ ይተዋል። ቆርጦ የመቀጠሉ ሥራ የሚሠራው በኮምፒዩተር ወይም በሁለት ማሽኖች መካከል በመገልበጥ ነበር፤ ያም ውድና አዝጋሚ ሥራ ነው።

እንግዲህ አንድ ሙሉ የዲስኮ ዘፈን በማሽኖች ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ለማጫወት ምን ያስፈልጋል? በጥቂቱ ለዋናው ከበሮ አንድ፣ ለጠብጣቢውና ለጭብጨባው ድምፅ አንድ፣ ለቤዝ አንድ፣ ለኮርድ ብዙ ኖታ በአንዴ የሚያወጣ አንድ፣ ለዜማ አንድ፣ ከዚያ ማይክሮፎንና የሰውን ንግግር የሮቦት የሚያስመስለው ቮኮደር። ብዙ ኖታ የሚያወጡ ሲንተሳይዘሮች ገና ብቅ ማለታቸው ነው፦ ስምንት ድምፅ ያለው የያማሃ ሲኤስ-80 በ1977፣ አምስት ድምፅ ያለው ፕሮፌት-5 በ1978 መጡ። እነዚህ ባይኖሩ አንድ ባለ አራት ኖታ ኮርድ ለመምታት አራት ማሽን መደርደር ነበር።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ሰዓት መቁጠር አለባቸው። ማሽኖች የሚግባቡበት ሚዲ የሚባለው የጋራ ቋንቋ የመጣው በ1983 ነው። በ1979 የነበረው የኤሌክትሪክ ምልክት ነው፦ አንዱ ማሽን በየምቱ የተወሰነ ቁጥር ያለው አጭር ምልክት ይልካል፤ ሌሎቹ ያንን ይቆጥራሉ። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ የዲስኮ ቤዝ የሚሮጥበት የምት አራተኛ ደግሞ 125 ሚሊሴኮንድ። በአንድ ምት 24 ምልክት ከተላከ በሴኮንድ 48 ምልክት ይሆናል፣ በየ21 ሚሊሴኮንዱ አንድ ማለት ነው። የዚያ ዘመን ጣጣ ግን ፋብሪካዎቹ አለመስማማታቸው ነው፤ አንዱ በምት 24 ምልክት ሲጠብቅ ሌላው 48 ይጠብቃል። ሳያስተካክሉ ካገናኟቸው አንደኛው በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል። ከዚህ የሚብሰው አንድ ምልክት በመንገድ ሲጠፋ ነው። ተቀባዩ ማሽን ያመለጠውን አያውቅም፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እስከ መጨረሻው በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጫወታል። በድርብርብ ቀረጻ ያንን ትራክ ብቻ መድገም ይበቃል። በቀጥታ ቀረጻ ዘፈኑ ሁሉ ይደገማል።

ማሽኖቹ ምን እንደሚጫወቱ ከሚያዙት የወቅቱ መሣሪያዎች አንዱ ሮላንድ በ1977 ያወጣው ኤምሲ-8 ነው፤ ስምንት መስመር በአንዴ ይመራል። ሙዚቃው የሚገባው በቁጥር ቁልፎች ነው። ለእያንዳንዱ ኖታ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፦ የትኛው ኖታ እንደሆነ፣ እስከሚቀጥለው ኖታ ምን ያህል እንደሚጠበቅ፣ ኖታው ከዚያ ውስጥ ለምን ያህሉ ጊዜ እንደሚሰማ። ሦስተኛው ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ የዲስኮ ቤዝን ነፍስ የሚወስነው ግን እሱ ነው። ጊዜው 12 ሆኖ ኖታው 11 ከሆነ ቤዙ ይያያዛል፣ ይጎተታል። ወደ 6 ሲወርድ ይነጥራል።

የቅኝት መፈታት

አናሎግ ሲንተሳይዘር እንደ ክራር ነው፤ ሙቀት ሲለወጥ ቅኝቱ ይፈታል። ምክንያቱ የሚሠራበት መንገድ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወጣል። ኦክታቭ አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ ስላለው አንዱ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት ያህል ነው ማለት ነው። አምስት ሚሊቮልት ብቻ ቢዛባ የግማሽ ድምፅ 6 በመቶ ያህል ስህተት ይመጣል። ብቻውን ለሚጫወት መሣሪያ ይህ ምንም አይደለም። ሁለት ማሽኖች በአንድነት 440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት) ላይ ሲቆሙ ግን ይህችው ልዩነት በሴኮንድ አንዴ ተኩል ግድም የሚያብጥና የሚሟሽሽ ድምፅ ትፈጥራለች። ለሰፊ ኮርድ ይህ ጌጥ ይሆናል፤ ለቤዝ ግን ጉልበቱን ይሰርቀዋል።

መፍትሔው ትዕግሥት ነው። ማሽኖቹ ከቀረጻው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይከፈታሉ፤ የክፍሉ ሙቀት እንዳይለዋወጥ ይደረጋል፤ ሁሉም በአንድ ማመሳከሪያ ኖታ ይቃኛሉ። መጀመሪያ ቤዙ፣ ቀጥሎ ኮርዱ፣ መጨረሻ ላይ ዜማው ይስተካከላል፤ ምክንያቱም ሌሎቹን ሁሉ የሚሸከመው ቤዙ ነው። ፕሮፌት-5 ላይ አሥሩንም ኦሲሌተሮች (ኖታውን የሚያመነጩ ክፍሎች) በራሱ የሚቃኝ አንድ ቁልፍ አለ፤ ሌሎቹ በእጅ ናቸው። ከዚያ ወዲያው መቅዳት ነው። ሦስት አራት ሙከራ ከተደረገ በኋላ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል።

ዲጂታሉ ክፍል

ስለ ዲጂታል ቀረጻ ሲወራ አንድ ነገር አስቀድሞ መጥራት አለበት። በዚያ ዘመን ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩት ሲንተሳይዘሮች በአብዛኛው አናሎግ ናቸው። ድምፁን የሚፈጥረው አናሎግ፣ የሚያስቀምጠው ግን ዲጂታል ማለት ነው። ዛሬ «ዲጂታል ድምፅ» ሲባል የሚታሰበው የ1980ዎቹ አጋማሽ ኪቦርድ ጥርት ያለ ቃና ገና አልመጣም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚመጣው ድምፅ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። መቅጃው በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሞገዱ የት ከፍታ ላይ እንዳለ ይለካና ቁጥር ይጽፋል። ምን ያህል ጊዜ መለካት እንዳለበት የታወቀ ሕግ አለው፦ ሊቀዳ ከሚፈለገው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ ያለ የንዝረት ብዛት) ከእጥፍ በላይ። ጆሮ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ግድም ስለሚሰማ ከ40 ሺህ በላይ ያስፈልጋል። በቶማስ ስቶክሃም የተመሠረተው ሳውንድስትሪምም ሆነ ስሪኤም የተባለው ኩባንያ የሠሯቸው የዚያ ዘመን መቅጃዎች በሴኮንድ 50 ሺህ ጊዜ ይለኩ ነበር። እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አኃዝ) ነው፤ ይህ 65,536 የተለያየ ከፍታ ይሰጣል፤ በጸጥታውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ወደ 96 ዲሲቤል ያህል ርቀት ማለት ነው። ጥሩ አናሎግ ቴፕ ያለ ዶልቢ ከ60 እስከ 70 ግድም ነው።

መጠኑን ለመገመት፦ 50 ሺህ ልኬት በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል፣ በሴኮንድ 1.6 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። የ40 ደቂቃ አልበም 480 ሜጋባይት ያህል ነው። ዛሬ ይህ ቀላል ነው፤ በ1979 ግን ይህን የሚይዝ ዲስክ ከቤት ዕቃ የሚተልቅ መሣሪያ ስለነበር ቁጥሮቹ በፍጥነት በሚሮጥ ቴፕ ላይ ይጻፉ ነበር። ቴፑ ቢወዛወዝስ? እዚህ ላይ ነው የዲጂታሉ ብልሃት። ከቴፑ የሚነበቡት ቁጥሮች መጀመሪያ በማስታወሻ ቋት ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ የሚወጡት በኳርትዝ ሰዓት ልክ ነው። ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሲንተሳይዘሩ የያዘው ኖታ እንደ ተያዘ ይቀመጣል።

የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። አናሎግ ቴፕ ከመጠን በላይ ሲጫንበት ድምፁን ቀስ ብሎ ያለዝበዋል፤ የዲስኮ ከበሮ ወፍራምና ሙቅ የሚመስለውም በከፊል በዚህ ነው። ዲጂታል ጣሪያ አለው፤ ሞገዱ ከጣሪያው ሲያልፍ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጥና ጆሮ የሚያሳክክ ጭረት ይሆናል። በቀጥታ ቀረጻ ላይ ከበሮ፣ ቤዝና ድምፃዊ በአንድ ቅጽበት ሊገጣጠሙ ስለሚችሉ የድምፅ ባለሙያው ከጣሪያው በታች በቂ ክፍተት መተው አለበት። አንድ ቢት 6 ዲሲቤል ያህል ስለሆነ 12 ዲሲቤል መተው ሁለት ቢት መክፈል ነው፤ የቀረው 14 ቢት አሁንም ከቴፑ ይበልጣል። ከጣሪያው ሌላ ደግሞ ከ20 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን በድንገት የሚቆርጡት ማጣሪያዎች ነበሩ። እነሱ ካልኖሩ ከፍተኛዎቹ ፍሪኩዌንሲዎች ወደ ታች ተመልሰው የሐሰት ድምፅ ይሆናሉ፤ ሲኖሩ ደግሞ የላይኛውን ድምፅ ያደርቁታል። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቀረጻዎች «ደረቅ ናቸው» የሚባሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን አልበም ስታዳምጡ ከበሮው ሞሮደር ቀድሞ በጀርመኗ ሙኒክ ከቀዳቸው ሥራዎች የቀጠነና የጠነከረ ሆኖ ከተሰማችሁ፣ ቴፑ የሚያለዝበው ነገር መቅረቱን እየሰማችሁ ነው። ለዚህ ሙዚቃ ያ ድርቀት ይስማማዋል የሚለው የእኛ ፍርድ ነው።

«የመጀመሪያው» የሚለውስ?

በዲጂታል የመቅዳት ቅድሚያ የዚህ አልበም አይደለም። የጃፓኑ ዴነን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዲጂታል ቀረጻ ሸክላ ያወጣ ነበር። በአሜሪካ ቴላርክ በ1978 በሳውንድስትሪም ማሽን የትንፋሽ መሣሪያዎች ኦርኬስትራ ቀድቷል። በዚሁ በ1979 ጊታሪስቱ ራይ ኩደር በስሪኤም ባለ 32 ትራክ ማሽን «ቦፕ ቲል ዩ ድሮፕ»ን አወጣ፤ ስቲቪ ዋንደርም በዚያው ዓመት ስለ ዕፅዋት በሠራው አልበሙ ላይ ዲጂታል ተጠቅሟል። የሽፋኑ አባባል ጠባብ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ በቀጥታ፣ ወደ ዲጂታል። ክብደቱ ያለው «በቀጥታ» በሚለው ላይ ነው። ኩደር ሠላሳ ሁለት ትራክ ስለነበረው መድገምም፣ ኋላ ማመጣጠንም ይችል ነበር።

ስሞቹን የሚያነበው ሮቦት

በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ የሚመጣው፣ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ላይ የሮቦት ድምፅ በአልበሙ የተሳተፉትን ባለሙያዎች ስምና የሥራ ድርሻ ይዘረዝራል። ሌላው ሰው በሽፋኑ ጀርባ የሚያሳትመውን ነገር ዘፈን አድርጎታል። ይህን የሚያደርገው ቮኮደር ነው፤ ሞሮደር በ1977 በ«ፍሮም ሂር ቱ ኢተርኒቲ» አልበሙ ላይም ተጠቅሞበታል።

ቮኮደር በ1930ዎቹ በቤል ላብስ ሆመር ደድሊ ለስልክ ሥራ የፈጠረው ነገር ነው። ሁለት ነገር ይገባበታል፦ በማይክሮፎን የሚመጣ ንግግርና ከሲንተሳይዘር የሚመጣ ኖታ። ንግግሩ ከወፍራም እስከ ቀጭን በአሥር፣ በሃያ ወይም ከዚያ በላይ ክፍል ይከፈላል። በየክፍሉ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ በየቅጽበቱ ይለካል። የሲንተሳይዘሩ ድምፅም በተመሳሳይ ክፍሎች ይከፈልና ንግግሩ ጉልበት ባሳየበት ክፍል ይከፈታል፣ ባላሳየበት ይዘጋል። ውጤቱ የሲንተሳይዘሩ ኖታ በተናጋሪው አፍ ቅርጽ ሲወጣ ነው። ተናጋሪው ዜማ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ዜማውን የሚሰጠው ኪቦርዱን የሚመታው ሰው ነው።

ሰው የማይረዳው እንዲሆን የሚያደርጉት ሁለት ስህተቶች ናቸው። አንደኛው ሲንተሳይዘሩ ላይ ለስላሳ ድምፅ መምረጥ ነው። ቀጭኖቹ ክፍሎች ውስጥ የሚከፈት ነገር ከሌለ የሚሰማው ማጉተምተም ብቻ ነው፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ፣ ከታች እስከ ላይ የሞላ ሞገድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ተነባቢዎቹን መርሳት ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ኖታ የላቸውም፤ እስትንፋስ ናቸው። «ስልሳ ስድስት» የሚለውን በቮኮደር ስትናገሩ ለእነዚህ ድምፆች የሚሆን የሽሽታ ምንጭ ካልተጨመረ በጥቅሉ አናባቢዎቹና «ል» ብቻ ይቀራሉ። ጥሩ ቮኮደር ኖታ አልባውን ድምፅ ለይቶ በዚያ ቅጽበት ሽሽታ ያስገባል። ማይክሮፎኑን ከአፍ ወደ 10 ሳንቲሜትር አስጠግቶ፣ ድምፅን ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ ተነባቢውን አጥብቆ መናገር ይበጃል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ግን ምንም ቢደረግ ቃላቱ እርስ በርስ ይዋጣሉ።

በሸክላ ሲሰማ

የሚያሳዝነው ነገር፣ በ1979 ዲጂታሉን ወደ ቤት የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ሲዲ ለገበያ የቀረበው በጥቅምት 1982 በጃፓን ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ጥንቃቄ መጨረሻው ያው የሸክላ ቦይ ሆነ።

ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ ዙሩ ግን በጫፍና በመሀል እኩል ርቀት አይሸፍንም። ዲያሜትሩ 29 ሳንቲሜትር በሆነው በመጀመሪያው ቦይ ላይ መርፌው በሴኮንድ 51 ሳንቲሜትር ይጓዛል፤ መጨረሻ ላይ 12 ሳንቲሜትር ግድም ሲደርስ 21 ሳንቲሜትር ብቻ። ያው ሙዚቃ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨምቋል ማለት ነው፤ በመጀመሪያ የሚጎዳውም ቀጭኑ ድምፅ፣ በተለይ «ስ» ነው። ይህ አልበም ደግሞ ንግግር የሞላበትን የስም ዝርዝር ዘፈን ያስቀመጠው በትክክል እዚያ፣ በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ «ስ» ወደ «ሽ» ወይም ወደ ጭረት ከተለወጠባችሁ ጥፋቱን ቀረጻው ላይ አታሳቡ።

መጀመሪያ መርፌውን መርምሩ። ክብ ጫፍ ያለው ርካሽ መርፌ በመጨረሻው ቦይ ውስጥ ጠባቡን ጥምዝ መከተል አይችልም፤ ሞላላ ጫፍ ያለው ይሻላል። ክብደቱን በሚዛን ለኩ፤ ለአብዛኞቹ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው፣ ትክክለኛው ከመርፌው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ። ሰው ሸክላው እንዳይጎዳ ብሎ ክብደቱን ይቀንሳል፤ መርፌው ግን ሲቀልለው ከቦዩ ግድግዳ እየተነሳ ይመለስና ይበልጥ ይቆርጠዋል። ከዚያ በወረቀት ላይ የታተመ የማስተካከያ መስመር ተጠቅማችሁ መርፌው ወደ መሀል ሲጠጋም ቦዩን ቀጥ ብሎ መከተሉን አረጋግጡ።

አሮጌ ቅጂ ስትገዙ ከጭረቱ በላይ መሀል ቀዳዳውን እዩ። ቀዳዳው በግማሽ ሚሊሜትር ከመሀል ከራቀ፣ በውስጠኛው ቦይ ላይ ድምፁ በየዙሩ የግማሽ ድምፅ ሰባተኛ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። በኳርትዝ ሰዓት የጸና ኖታ ቤታችሁ ሲደርስ በየ1.8 ሴኮንዱ ይዋልላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሸክላው ሲዞር የማጫወቻውን ክንድ ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ በየዙሩ ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው ተዛንፏል።

በሲዲ ወይም በስልክ የምታዳምጡ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ነፃ ናችሁ፤ ሌላ ነገር ግን አለ። ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ነው የሚለካው። ይህ ቁጥር የመጣው ዲጂታል ድምፅ በቪዲዮ ቴፕ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ነው፦ በአንድ የምስል መስመር 3 ልኬት፣ በአንድ መስክ 245 መስመር፣ በሴኮንድ 60 መስክ ሲባዙ 44,100 ይሆናሉ። በ50 ሺህ የተቀዳ ማንኛውም የዚያ ዘመን ቴፕ ወደ ሲዲ ሲመጣ በየ500 ልኬቱ 441 አዲስ ልኬት ሊሰላለት ይገባል፤ ይህ ዛሬ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። የሚያበላሸው በኋላ ድምፁን ለማስጮህ የሚደረገው መጫን ነው። ከጣሪያ በታች የተተወውን ክፍተት ሞልቶ የከበሮውን ጫፍ ይደፈጥጣል፤ የዚህ አልበም ከበሮ ዋነኛ ጥቅሙ ደግሞ ያ ያልተደፈጠጠ ጫፍ ነው። ሁለት ቅጂ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፤ የ1 ዲሲቤል ልዩነት እንኳ ጮክ ያለውን የተሻለ ያስመስለዋል።